የመርቆሪዮስ ፈረሰኞችና አዝማሪያቸው

ደብረ ታቦር ላይ ፈረስ ብቻውን በዓል አያደምቅም ነበር። ጥር 25 ቀን፣ የመርቆሪዮስ ዕለት፣ ከፋርጣ ገጠርና ከጉና ግርጌ ፈረሰኛው ወደ ከተማ ሲጎርፍ፣ ማሲንቆውን በነጠላው ሸፍኖ በእግሩ የሚከተል ሰው አይጠፋም ነበር። አዝማሪው ነው። ያንን ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር ከኮቴው ድምፅ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእሱ ዜማ ነው። ፈረሱ ዛሬም አለ፤ ጉግሱም አልቀረም። የሌለው እሱ ነው፤ እሱ ሲቀር ደግሞ ከበዓሉ ምን እንደጎደለ የሚያውቅ ትውልድ እያለቀ ነው።

መርቆሪዮስ የፈረሰኛ ቅዱስ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ መርቆሪዮስ በጥቁር ፈረስ ይሣላሉ። ከጥቁሩ ፈረስ እግር ሥር ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ ዑልያኖስ በጦር ተወግቶ ወድቋል። ይህን ሥዕል እያየ ያደገ ደገኛ በዓሉን በፈረስ ቢያከብር ምን ይደንቃል? ከተማይቱም ራሷ የፈረሰኞች ከተማ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ የመሠረታት፣ ቴዎድሮስም መናገሻው ያደረጋት ናት። ቴዎድሮስ በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ ነበር፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። በዚያ ዘመን ስመ ጥር ፈረሰኛ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱን እናት አባቱ፣ ሌላውን ፈረሱ ይሰጡታል። ሁለተኛውን ስም በሰው ፊት ከፍ አድርጎ የሚጠራለት ግን አዝማሪው ነበር።

ጉግስ ለማያውቅ ላስረዳ። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ከፊት ይጋልባል፣ ሌላው እያባረረ ዘንጉን ይወረውርበታል። የሚባረረው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፤ የባሰ ከመጣ ከኮርቻው ተንሸራቶ በፈረሱ ጎን ይለጠፋል። ዘንጉ ጋሻውን «ጧ!» ሲያደርገው ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል፣ አቧራው ሜዳውን ይሸፍነዋል። አዝማሪው የሚቆመው መሀል ላይ አልነበረም፤ ፈረስ ዞሮ ከሚቆምበት ከሜዳው ዳር ነበር። ጋላቢው ላብ ያጠመቀውን ፈረሱን እየገታ ሲመለስ እሱ የቤት ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀዋል፤ ያባቱን ስም፣ ያገሩን ስም፣ የፈረሱን ስም አጠገቡ ከቆሙት ጠይቆ ይዟል። ከዚያ ዘመድ ወዳጁ «ተቀበል!» ይለዋል። ስንኙ ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ፈረሰኛው ደረቱን ይነፋል፣ ይፎክራል፣ ከኪሱ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል።

ልጅ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ነገር አልረሳውም። አንድ ጎረምሳ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ የሰው ፈረስ ተውሶ የመጣ መሰለኝ፣ መታጠፊያው ላይ እርካቡ ከዳውና ወደቀ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ልጁ ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ከሜዳው ሊወጣ ሆነ። አዝማሪው ግን መንገዱን ዘጋበት። ልጁን ትቶ ፈረሱን ማወደስ ጀመረ፤ ጌታው ሲወድቅ ጥሎት ያልሮጠውን፣ ቆሞ የጠበቀውን ፈረስ። እንዲህ ያለ ፈረስ ይዞ በእግር መሄድ ምን የሚሉት ነው ብሎም ዘፈነ። ሲስቅ የነበረው ሰው ማጨብጨብ ያዘ። ልጁ እርካቡን ረግጦ ወጣ፣ እንደገናም ጋለበ። ያ ዘፈን ከዚያ ሜዳ ውጪ ተሰምቶ አያውቅም፤ ለዚያ ልጅ፣ ለዚያ ፈረስ፣ ለዚያች ደቂቃ የተሠራ ነበር።

የማሲንቆው አውታር ራሱ የፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም እንዲሁ። ጭራው ታጥቦ፣ ተመርጦ፣ ጎን ለጎን ተሰድሮ ነው የሚወጠረው። ጥር ላይ የጉና ብርድ ቀላል አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል። ስለዚህ አዝማሪው ማልዶ ይመጣና ማሲንቆውን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ያሞቀዋል። ቆዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። «ዱም» ማለቱን ትቶ «ደም» ሲል መቃኛውን ጠምዘዝ፣ ደጋኑን እጣን ቀባ፣ አንዴ ሳብ ያደርገዋል። እኛ ልጆች ከበን እናያለን። ያቺ የመጀመሪያዋ ድምፅ ስትወጣ በአቅራቢያው የታሰሩት ፈረሶች ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር። ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ሰዎች በልጅነት ዓይን ያየኸው ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

አዝማሪን እንደ ተራ አጫዋች የሚያየው ሰው ታሪኩን አያውቅም። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ፣ ያኔ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል፣ ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ሲገጥም በጎሹ በኩል የነበረ አንድ አዝማሪ ካሣን በዘፈን ሰድቦት ነበር። ጎሹ በውጊያው ወደቀ፤ አዝማሪው ተይዞ ቀረበ፣ ዘፈኑንም በሕይወቱ ከፈለ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያን እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎች ነበሩ። ማሲንቆ ብቻ የያዘን ሰው መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት የፈራው ያለ ነገር አልነበረም። የሰውን ስም በአደባባይ የሚያነሣና የሚጥል እሱ ስለነበረ ነው።

በደርግ ዘመን ብዙው የአዝማሪ ልጅ ወደ ኪነት ቡድን ገባ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን አቋቋሙ። ማሲንቆው ከጊታርና ከድራም አጠገብ ቆመ፤ ደመወዝ ተቆረጠለት፣ የደንብ ልብስ ተሰፋለት። ዘፋኞቹ እነ ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ፣ እነ ይሁኔ በላይ ከግሽ ዓባይ የወጡት በዚህ መንገድ ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። የዘር ሙያ ነው እየተባለ ሲናቅ የኖረ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ በክብር ተጨበጨበለት። ግን ደግሞ ግጥሙ ተጽፎና ታይቶ የሚመጣ ሆነ። ከታዳሚው መሀል ተነሥቶ «ተቀበል!» የሚል ሰው ቦታ አጣ። አዝማሪው ዘፋኝ ሆነ፤ ከፊቱ የቆመውን ሰው እያየ መዝፈን ግን ቀረ።

የፈረሱም ኑሮ ተለወጠ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚወርደውን መንገድ ቻይናዎች የሠሩት በዚያው በደርግ ዘመን ነው፤ ሕዝቡ ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። ጭነት መኪናው መጣ፣ ፈረስ የሚወስደው መንገድ አጠረ። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ ለክብር ብቻ ፈረስ መቀለብ ከበደ፤ ገብሱ ለልጅ ነው ወይስ ለፈረስ? የጤናና የግብርና ባለሙያው በያማሃ ሞተር ሳይክል ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ጀመረ፣ ቀጥሎም የከተማው ወጣት ሞተር ገዛ። ዛሬ ሠርግ የሚያጅበው፣ ባንዲራ እያውለበለበ ከፊት የሚቀድመው ሞተረኛው ነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ አያቶቻቸው በፈረስ ያደርጉት የነበረውን ነው በሞተር የሚያደርጉት። የሚያወድሱት ፈረሰኛ ሲቀንስ አዝማሪዎቹም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሣ የአዲስ አበባው ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ሆኖ ነበር፤ ከቤቶቹ አንዱ ፈንድቃ በውጭ አገር ሳይቀር ታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም ከቦታው ተነሣ።

በአዝማሪው ቦታ አሁን ሜዳው ዳር የሚቆመው ሞንታርቦ ነው። አራትና አምስት ተደራርቦ፣ ከተማ የተቀዳ ዘፈን ያንባርቃል። ዘፈኑ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቀረርቶም ይኖርበታል። ግን ከፊቱ የሚጋልበው ማን እንደሆነ አያውቅም። ፈረሰኛው ሲያሸንፍም ሲወድቅም ያው ነው። ከዘፈኑ ጋር የሚፎክር ፈረሰኛ አይቼ በጣም አዘንኩ፤ ስሙን የሚጠራለት የለምና ስሙን ራሱ እየጠራ ነበር።

ይህ የዘመን ግዴታ ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ስተርጅስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በተጀመረ ልማድ ነሐሴ ላይ ሞተረኞች ይሰበሰቡባታል። የሚሰበሰበው ብረት ነው፣ ቤንዚን ነው፣ የሞተር ጩኸት ነው። እነዚያ ሰዎች እንኳ በቀረጻ አልረኩም፤ የሮክ ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው እንዲጫወትላቸው ይፈልጋሉ። የእኛው ጃኖ ባንድ በ2005 ዓ.ም. ገደማ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ይዞ ሲመጣ የሮክ ጊታርና ያገራችን ቅኝት ምን ያህል እንደሚስማሙ አሳይቷል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ አልጠላም። የደብረ ታቦር ወጣቶች ነገ ጊታርና ድራም ይዘው መርቆሪዮስ ሜዳ ላይ ቢቆሙ ከፊት ቆሜ ነው የማጨበጭብላቸው፤ የፈረሰኛውን ስም ጠይቀው እስከተጫወቱ ድረስ።

የመርቆሪዮስን በዓል ለምታዘጋጁ ወገኖቼ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ለሞንታርቦ ኪራይ ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ ከፋርጣና ከጋይንት የቀሩትን አዝማሪዎች ጥሩ፤ እየዞሩ እንዲለምኑ ሳይሆን ተከፍሏቸው፣ ቦታ ተሰጥቷቸው ይምጡ። ጉግሱ በሚካሄድበት ሰዓት ሞንታርቦው ይዘጋ። ወጣቶቹንም አጠገባቸው አቁሙ፤ «ተቀበል!» ማለትን ከእነሱ ይማሩ።