አራት እንክብል ስጠኝ

ፋርማሲስት ነበረን። እዚሁ ሰፈራችን፣ ከዳቦ ቤቱና ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ካርድ ሳናወጣ፣ ወረፋ ሳንይዝ፣ ሳንከፍል የምናናግረው። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ። የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ፣ ለነፍሰ ጡር የሚከለከለው የቱ እንደሆነ፣ ለሕፃን ስንት እንደሚመጠን የሚያውቅ። በስንት ትንንሽ የወረዳ ከተማ ከጤና ጣቢያው ቀጥሎ ለበሽተኛ የሚቀርበው ባለሙያ እሱ ነው። እና ምን አደረግነው? ባለሱቅ አደረግነው።

«ዶክተር፣ አራት አሞክሳ ስጠኝ።» ስንቴ አልን? ጉሮሯችንን ሲከረክረን አልን። አፍንጫችን ሲያፈስ አልን። ጥርሳችን ሲጠዘጥዘን፣ ሆዳችን ሲላላ፣ ልጃችን ሌሊቱን ሲያስል አልን። ማዘዣ አልያዝንም። ሐኪም አላየንም። ጉንፋን ከቫይረስ እንደሚመጣ፣ አሞክሲሲሊን ደግሞ ቫይረስን ጨርሶ እንደማይነካ ሊነግረን አፉን ሲከፍት፣ «እሱን ተወው፣ ባለፈውም ያዳነኝ ይኸው ነው» ብለን አስቆምነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለቀናት የሚወሰደውን መድኃኒት አራት ፍሬ ገዛን። አራት ፍሬ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ሁለቱን ውጠን ሲሻለን የቀሩትን ሁለት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥን። ጎረቤት ሲታመም አዋስን። ደጎች መሆናችን ነበር!

ሳይነገረን ቀርቶ ነው? ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ማንም ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ የሚገዛበት ቀን ሊመጣ ይችላል አለ። ያኔ የማያውቅ ሰው ከመጠኑ አሳንሶ ይወስደዋል፤ ባክቴሪያውም ሳይሞት ይለምደዋል ብሎ አስጠነቀቀ። ምሳሌም ጨመረ። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ጥቂት ፔኒሲሊን ገዝቶ ይወስዳል፤ መድኃኒቱን የለመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያጋባል፤ እሷ ትሞታለች። ይህን ያለው መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ መዳረስ ሲጀምር ነው። የምሳሌው ሰውዬ ማን ነው? እኛ ነን።

የመድኃኒት ሽያጭን የሚቆጣጠር ሕግ ጎድሎን ነው? በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 ወጣ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661 ወጣ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። በሃያ ዓመት ሦስት አዋጅ። ዕቅድስ ጎድሎን ነው? ባክቴሪያ መድኃኒትን መላመዱን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ስትራቴጂ ተጻፈ። በ2015 ሌላ ተጻፈ። በየቢሮው ሰነዱ ሲደረደር፣ በየባንኮኒው አራት አራት እንክብል ይቆጠር ነበር። ተመራማሪዎች ጎንደር ከተማ ላይ በሽተኛ መስለው መድኃኒት ቤት ገቡ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ተሸጠላቸው። ጥናቱ ታተመ። ከዚያስ? ከዚያማ በማግስቱ ጉንፋን ያዘንና ወደ መድኃኒት ቤት ሄድን።

አንችልም እንዳንል ችለን አሳይተናል። አራት ፍሬ የቲቢ መድኃኒት ስጠኝ የሚል ሰው አለ? የለም። የቲቢ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። በሽተኛው ይመዘገባል። ጤና ሠራተኛ ፊት ይውጣል። ወራቱን ይጨርሳል። ከቀረ ይፈለጋል። ቲቢው መድኃኒቱን ከለመደ ምን እንደሚከተል ስለምናውቅ አጥር አጠርንለት። የዚያን ጥንቃቄ ሩቡን ለአሞክሲሲሊን፣ ለሲፕሮ፣ ለአዚትሮማይሲን ብናደርገው ምን ነበረበት? ምን ያስወጣን ነበር?

ሌላም ችለናል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው በየቀበሌው ተሰማሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ የክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔን፣ የመጸዳጃ ጉድጓድን ነገር ለገጠሩ አስለመዱ። የሌላ አገር ሰው መጥቶ አየ። አንድ ዓመት ለሠለጠነችው ሥራና አደራ የሰጠች አገር፣ አምስት ዓመት ለተማረው ምን ሰጠችው? ባንኮኒ ሰጠችው! የሰፈሩን ደም ግፊት መለካት ሥራው ነው ብለን አልሰጠነውም። የስኳር በሽተኛውን እንዲከታተል አላደረግነውም። መድኃኒቱን ያቋረጠውን ለጤና ጣቢያው እንዲያሳውቅ አልጠየቅነውም። ለምክሩ አምስት ሳንቲም አልከፈልነውም። የሚያገኘው ሲሸጥ ብቻ ነው። በመሸጥ ብቻ እንዲኖር የፈረድንበትን ሰው መልሰን አትሽጥ የሚል አዋጅ አወጣንለት። ይህ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ደግሞ የከለከለን ነበረ እኮ! «ማዘዣ ካልያዝክ አልሰጥህም፤ ሄደህ ተመርመር» ያለን ነበረ። ምን አልነው? ኩራተኛ አልነው። መንገዱን ተሻግረን ማዶ ካለው ገዛን። ለጎረቤትም አወራን፤ «እዚያ አትሂዱ፣ ያጉላላችኋል» አልን። የከለከለን ሰው ገበያው ቀዘቀዘ። የቤት ኪራዩ ግን አልቀዘቀዘም። ግብሩ አልቀዘቀዘም። የሸጠልን ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈተ። ሐቀኛውን ማን ቀጣው? ሌላውንስ ማን ሸለመው? ተቆጣጣሪው ነው? አይደለም። እኛው ነን፣ በኪሳችን ብር።

ሐቀኛው ሲሰለቸው ምን አደረገ? አንዱ ሙያውን ትቶ ሄደ። ሌላው ፈቃዱን አከራየ። የሙያ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ባለፈቃዱ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው የባለቤቱ የአክስት ልጅ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሷል። እሱንም «ዶክተር» እንለዋለን። ተቆጣጣሪ መጣ፤ ግድግዳውን አየ፤ ፈረመ፤ ሄደ። ሰውዬውስ የት አለ ብሎ የጠየቀ ማን ነው? እኛስ ጠይቀን እናውቃለን? ልብስ ስናሰፋ የሰፊውን ሙያ እንጠይቃለን። ለልጃችን ሽሮፕ የሚሰጠውን ሰው የት ተማርክ ብለን አንጠይቅም።

ዶላር ጠፋ፣ መድኃኒት አልገባ አለ እንላለን። እውነት ነው። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገዛ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመድኃኒቱም ዋጋ አብሮ ወጣ። ትንሹ መድኃኒት ቤት በሸጠበት ገንዘብ ያለቀበትን መተካት አቃተው። መደርደሪያው ሳሳ። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ፍለጋ ከበር በር ይንከራተታል። «የለም» ማለት ለፋርማሲስቱ የቀን ሥራ ሆነ። ይህን ሁሉ የሰፈር ሰው አላመጣውም። ግን እስቲ እንጠያየቅ። በዚያ በስንት መከራ በተገኘ ዶላር የገዛነውን አንቲባዮቲክ ምን አደረግነው? ለጉንፋን ዋጥነው! ለማይሠራበት በሽታ! ኢንሱሊን በጠፋበት አገር፣ ዶላራችንን በጉሮሯችን አፍስሰን በሽንት አስወጣነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የእኛ ቁጭት የተገላቢጦሽ ነው። በልተን ነው የሚቆጨን። ሳንታመም በላን፤ ለታመመው ሳናስተርፍ በላን። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሏቸው ሰዎች በዓለም 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ገምቷል። የሞቱ መጠን የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። የእኛው ሰፈር ነው።

ቁጥሩ ሩቅ ከመሰለን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እንግባ። ደሙ በባክቴሪያ የተመረዘ ሕፃን ተኝቷል። አምፒሲሊን ሰጡት፤ አልሠራም። ጄንታማይሲን ሰጡት፤ አልሠራም። ሴፍትሪያክሶን ሰጡት፤ አልሠራም። ሜሮፔኔም ታዘዘ። አባት ወረቀቱን ይዞ ከተማውን አካለለ። በመጨረሻ ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው ተገኘ! መድኃኒቱ ግን ወይ የለም፣ ወይ ዋጋው አይቀመስም። ያ ሕፃን በዕድሜው አንዲት እንክብል ያለ ማዘዣ አልዋጠም። የዋጥነው እኛ ነን። የሚከፍለው እሱ ነው።

ድህነት ነው እንዲህ ያስደረገን እንዳንል። ለካርድና ለምርመራ የሚከፍለው የሌለው ሰው፣ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቀው ሰው፣ መድኃኒት ቤቱን ሐኪም ቤት ቢያደርገው ማን ይፈርድበታል? መኪና አቁመን የገዛነውስ? ተመርቀን፣ ሰብሰብ ብለን ስለ አገር ጤና አውርተን፣ ወደ ቤት ስንመለስ «ለማንኛውም» ብለን ሲፕሮ የገዛነውስ? ቢሮ ተቀምጠን አዋጁን ያረቀቅነውስ? ሙያውን አስተምረን፣ ተማሪውን አስመርቀን፣ የት ደረሰ ሳንል የቀረነውስ? የሁላችንም እጅ አለበት። አንዱ ገዛ፣ አንዱ ሸጠ፣ አንዱ አከራየ፣ አንዱ አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ሕጉ ነበረን። ባለሙያው ነበረን። መድኃኒቱ ይሠራልን ነበር። ማስጠንቀቂያው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? «አልሸጥልህም» ሲባል «እሺ» የሚል ደንበኛ። አልሸጥም ያለውን የሚያኖር፣ ለምክሩ የሚከፍል ሥርዓት። ግድግዳውን ሳይሆን ሰውዬውን የሚያይ ተቆጣጣሪ። ከዚህ ውስጥ ከውጭ የሚገባ አንድ ነገር አለ? የለም። አንድ ዶላር እንኳ አይጠይቅም ነበር። እሱንም አላደረግነውም።