አዲስ ዓለምን አይቻታለሁ ብዬ ዋሽቼ ነበር

የድሮ ተማሪዎቼ ደሞ በተለይ እናንተ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዕዳ አለብኝ።

ነገሩ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት እያስተማርኩ ነበር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፣ ብዙም ሳይቆይ የዙሪያዋ ዛፍ ተጨፍጭፎ ማገዶ ጠፋ፣ አፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቤተ መንግሥቱ አሁን አለ?"

"የለም፣ ፈርሷል። ድንጋዩ ብቻ ነው የቀረው።"

"አይተውታል?"

"አዎ፣ አይቼዋለሁ።"

አላየሁትም። አዲስ ዓለምን በአውቶቡስ መስኮት እንኳን አይቻት አላውቅም ነበር። በዲፕሎማ የተመረቅኩ ልጅ እግር መምህር ነበርኩ፤ "አላውቅም" ካልኩ ክፍሉ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ አመነችኝ፣ ደብተሯ ላይም ጻፈችው። እስካሁን ትዝ የሚለኝ ያ ስትጽፍ ያየኋት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሂሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ "በቃ ተነስ፣ ዛሬ እንሂድ" ብሎ ቪትዙን ይዞ ለገሃር በር ድረስ መጣ። በዊንጌት፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩን ስንለቅ አየሩ ተቀየረ። በግራ ወጨጫ ተራራ፣ ራቅ ሲሉ የአበባ እርሻዎቹ ላስቲክ ቤቶች፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ አሁንም ባሕር ዛፍ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከአውስትራሊያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የማገዶው ችግር የቀለለው በእሱ ነው፤ አዲስ አበባም ዋና ከተማ ሆና ቀረች።

ሆለታ ላይ ቁርስ በላን። እዚህም የምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተበት። ጣሊያን ሲገባ ትምህርታቸውን እንኳን ያልጨረሱ ዕጩ መኮንኖች ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሶች ጋር ተዋጉ። የወታደር ግቢ ስለሆነ እኛ ከመንገድ አይተን አለፍን።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ስምንት ዓመት ያልሄድኩባት መንገድ እኮ ይቺው ናት! ኮረብታው ላይ ወጥተን ማርያምን ተሳለምን። አንድ አባት ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀምጠዋል።

"አባ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በየት በኩል ነው?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። "ፍርስራሽ? ልጄ፣ ደጁ ላይ ቆመህ ነው የምትጠይቀኝ!"

ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራ ዝውውሩ ሲቀር ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። አልፈረሰም። ይቀደስበታል፣ ሕፃናት ይጠመቁበታል፣ ንጉሡ የሰጧቸው ንዋያተ ቅድሳትም በሙዚየሙ አሉ። ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ ከለገሃር አልናቸው። "ከተማው ወደ እኛ ሊመጣ ነበር፤ ዛፉ አስቀረብን" አሉ እየሳቁ። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የልጅቷ ደብተር ፊቴ ላይ መጣ።

ማታ ለገሃር ስንገባ መኪናውን አቁመን ጣቢያውን አየነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። አሁን የጅቡቲው ባቡር የሚነሳው ከለቡ በኩል ነው። ከሰፈራችንም ብዙ ጎረቤት ተነስቶ ሄዷል፤ ቡና የምንጠጣበት ቤት የነበረበትን ቦታ ለጓደኛዬ በጣቴ ነው ያሳየሁት። ነገ አንድ መምህር ሰፈራችንን ሳያይ "ምንም አልነበረም" ብሎ ቢያስተምር ማን ያርመዋል? እኔ አዲስ ዓለምን እንደዚያው አይደል ያደረግኳት?

ስለዚህ እርማቱ ይኸው፦ ቤተ መንግሥቱ አልፈረሰም፣ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። እኔም ያኔ አላየሁትም ነበር። ይቅርታ።

አንቺ ከኋላ ወንበር የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ ደብተሩ ባይኖርም መልሱን አስተካክይው። ሌሎቻችሁ ደሞ፣ የለገሃር ልጅ የሆናችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁ የት ጋ እንደነበረና ጎረቤታችሁ ማን እንደነበር ከታች ጻፉልኝ። ሰኞ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ። አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ አይተውታል?" ካለኝም፣ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እለዋለሁ።