ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥ

መንጃ ፈቃድ ካወጣችሁ ዓመት ያልሞላችሁ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። "እኔ እኮ ድሮ ለምጃለሁ" የምትሉም ብትሆኑ አንብቧት፣ አትጎዱም።

ባለፈው ሐምሌ፣ እሁድ ከሰዓት፣ የወንድሜን ቪትዝ ተውሼ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወደ እንጦጦ ወጣን። ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ ሽሮ ሜዳን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ብቻ! አናቱ ላይ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጉም የለበሰ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያው ናት። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው ፓርክም አለ። ቡና ጠጣን፣ ቆሎ ቆረጠምን፣ ከተማዋን ቁልቁል አየን። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጉዱ መውረዱ ላይ ነው!

ዝናቡ ገና አባርቷል፤ አስፋልቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፏል። እኔ ወሬ ይዣለሁ። አንዱን ኩርባ ስንዞር ምን ባይ ጥሩ ነው? ከቁመቷ የሚረዝም ጭራሮ የተሸከመች እናት አስፋልቱን እያቋረጠች!

ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ያኔ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር "ጠጠጠጠ" እያለ መልሶ ይመታኝ ጀመር። የተበጠሰ መሰለኝ። ደንግጬ እግሬን ሳነሳ መኪናዋ ተለቀቀች! "ርገጠው! አትልቀቀው!" ብላ ጓደኛዬ ጮኸች። እንደገና ረግጬ መሪውን በእናትየው ጀርባ በኩል አዞርኩ። ጭራሮው የጎን መስታወቴን ነካ አድርጎ አለፈ፤ እኛም ቦዩ አፍ ላይ ቆምን። እናትየዋ ሸክሟን ሳታወርድ ዞር ብላ አየችኝና "ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ" ብላ መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ለአንድ ሸምገል ላሉ የታክሲ ሹፌር ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። "ፍሬንህ አልተበላሸም፣ እየሠራ ነበር። ያስቆምከው አንተ ነህ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና የየጎማውን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አለው። በኃይል ስትረግጡና ጎማው ሊቆለፍ ሲል፣ ኮምፒውተሩ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለቀቅ፣ ያዝ ያደርገዋል። እግራችሁን የሚመታው ይኸው ነው። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ መሪ አይሰማም፤ የሚዞር ጎማ ግን ይታዘዛል። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ አጥብቃችሁ ርገጡ፣ እስክትቆሙ አትልቀቁ፣ ዓይናችሁንና መሪውን ወደ ክፍቱ ቦታ አድርጉ። ለቀቅ፣ ያዝ ማድረግ ኤቢኤስ ለሌላቸው መኪናዎች ነው፤ እዚያ ሥራው የሹፌሩ ነው።

ታዲያ መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ ዕወቁ። ሞተር ስታስነሱ ኤቢኤስ የሚለው መብራት በርቶ ይጠፋል። በርቶ ከቀረ ተራው ፍሬን ሊይዝ ይችላል፣ ኤቢኤሱ ግን አይሠራምና ጋራዥ አሳዩት።

ደግሞ ኤቢኤስ ታቦት አይደለም! በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ እግራችሁ ፍሬኑ ጋ እስኪደርስ ማለት ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ልቅ ጠጠር ላይማ ኤቢኤስ ያለው መኪና ይበልጥ ርቆ ሊቆም ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እንደኔ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ፤ ሲግል ይደክማል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛችሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ሰውም መኪናም የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሄጄ፣ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደጋግሜ ረገጥኩ። ያ "ጠጠጠጠ" አሁን አያስደነግጠኝም። እናንተም ጭራሮ የተሸከመች እናት ሳትገጥማችሁ በፊት ሞክሩት።

አሁንም እንጦጦ እወጣለሁ። ስወርድ ግን ወሬ የለም፤ ኩርባው ጋ ስደርስ "ልጄ፣ ቀስ በል" የምትለኝ ይመስለኛል።

ቸር ያግባን!