ውድድሩ አንድ ይሁን፣ ደንቡ ይጥበቅ

የግልና የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስፖርት አብረው ይወዳደሩ ወይስ ለየብቻ? ጥያቄው ደብረ ታቦርም ይነሳ እኛ ጋ ገሳይ፣ ክርክሩ ወዲያው ይጦፋል። ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው «ገንዘብ አላቸው፤ ጎበዝ ጎበዙን ልጅ ከእኛ ወስደው መልሰው እኛኑ ያሸንፉናል» ይላል። የግል የሚያስተምረው ደግሞ «ልጄ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ ጢም ካበቀለ ጎረምሳ ጋር ለምን ይጋጫል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን አብረው ይወዳደሩ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

መጀመሪያ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ በስፖርት ያሸንፋል የሚለው እኛ አገር አይሠራም። በየከተማው ብዙ የግል ትምህርት ቤት ያለው በኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ኳስ ቢለጋ መስኮት ይሰብራል። ሰፊው ሜዳ ያለው መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሩጫማ ከሆነ የበቆጂን ታሪክ የማያውቅ የለም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ከእጃቸው ካለፉት መካከል በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ያሸነፉት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኙበታል። ያ ሁሉ ወርቅ የመጣው ከደጋ አየር፣ ከረጅም መንገድና ልጁን ለይቶ ከሚያይ መምህር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ሥር ለምንኖር ለእኛ አየሩም መንገዱም ሞልቶናል። የጎደለን ልጆቹ ተገናኝተው የሚለኩበት መድረክ ነው።

ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ እናውቀዋለን። ቅዳሜ አገሩ ወጥቶ፣ እሑድ በሶውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። በአንድ የወረዳ ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ኮንጎውን አውልቆ መነሻው መስመር ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ቀድሞ የሮጠ የአንድ ግል ትምህርት ቤት ተማሪ አየውና የራሱን ሸራ ጫማ ፈትቶ ሰጠው። ልጁ ሞከረው፣ ጠበበው፣ አመስግኖ መለሰለትና በባዶ እግሩ ሮጠ። ስንተኛ እንደወጣ አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ገበያ መሀል ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ሰላም ይባባላሉ። ውድድሩን ለሁለት ብንከፍለው ኖሮ እነዚህ ልጆች የት ይተዋወቁ ነበር?

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀበለው የአካባቢውን ልጅ ነው፤ የግሉ ግን ከየትም መልምሎ ያመጣል። ስለዚህ ቴክሳስ ውስጥ የግሎቹ በአብዛኛው የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ኢሊኖይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የግል ትምህርት ቤቶችን የተማሪ ቁጥር በ1.65 እያባዛ ከትልልቆቹ ጋር ይመድባቸው ጀመር። ከዚህ የምወስደው ስሌቱን ሳይሆን ሐሳቡን ነው፦ ሳይለያዩም ሚዛኑን ማስተካከል ይቻላል።

እኛ ጋ የሚዛኑ ዋና ችግር ዕድሜ ነው። የከተማው ልጅ በ4 ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ 9ኛ ክፍል ሲደርስ 14 ወይም 15 ይሆነዋል። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ9 ወይም በ10 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ከገባ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ 17 ወይም 18 ይሆነዋል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። አንድ ክፍል ስለተቀመጡ ብቻ በኳስ ማጋጨት ግን ለታናሹ አደጋ ነው፤ ታላቁም ቢያሸንፍ ክብር አያገኝበትም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ሲወለዱ አልተመዘገቡም ማለት ይቻላል። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ላሉት የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ያስነሳል፤ ወረዳ ይህን አይችልም። የሚችለው ግን አለ። የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያውን ያያል፣ ወላጅና የቀበሌ ሰው ያስመሰክራል፣ ከዚያ ታናናሾቹንና ታላላቆቹን በሁለት ምድብ ይከፍላል። ልጆቹ የሚለዩት በዕድሜ ከሆነ የግልና የመንግሥት የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ ይረግባል።

ሌላው ግማሽ ልጅ መንጠቅ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ያልተመዘገበ ልጅ በዚያ ዓመት አይሰለፍ፤ ይህ ለሁለቱም ወገን ይሥራ። የግል ትምህርት ቤት ደሀ ልጅን በነፃ ላስተምር ካለ እሰየው፣ ግን እስከ 12ኛ ክፍል በጽሑፍ ይግባለት። ጉልበቱ ተጎድቶ መሮጥ ያቃተው ዕለት ከክፍል የሚባረር ከሆነ ልጁን ሳይሆን እግሩን ነው የፈለጉት። ተማሪው ጥቂት የሆነ ትምህርት ቤትም 11 ልጅ ለማሟላት ከሚጨነቅ በሩጫ፣ በመረብ ኳስ፣ በጠረጴዛ ቴኒስ ይሰለፍ። ሜዳ የሌለው ባለሜዳው ጋ ይለማመድ፣ በምላሹ ኳስና መረብ ያቅርብ።

ደግሞ እናስብ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ እነዚህን ልጆች ማንም ለያይቷቸው አያውቅም። ቤተ ሙከራ ያየውም ያላየውም፣ መጽሐፍ የደረሰውም ያልደረሰውም አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። በ2014 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዕድሜ ልክ በሚወስነው ፈተና አንድ ላይ አስቀምጠናቸው፣ በአንድ ከሰዓት ኳስ «አይመጣጠኑም» ብንል ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ስንቱ ልጅ ክፍሉንም ሜዳውንም አጥቷል። የተዘጋው ተከፍቶ ውድድሩ በወጉ ሲመለስ ደንቡን የሚያረቁት የትምህርትና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። የሁለቱንም ወገን የስፖርት መምህራን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው። የልጆቹን ዕድሜ፣ የጫማቸውን ነገርና የቤታቸውን ርቀት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ወላጆችም ያወጡትን ደንብ፣ ልጃችን የተሸነፈ ቀንም ጭምር፣ እናክብርላቸው።