ሸራ፣ ካኖፒ ወይስ የእማዬ ጎረቤቶች?

ይርጋጨፌ ውስጥ ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ መኪናው የብቻው አይደለም። ጠዋት የራሱን ቡና ይጭናል፤ ከሰዓት የጎረቤት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያመላልሳል፤ ማታ ምጥ የያዛት ሴት ካለች ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ እሁድ ደግሞ የዕድር ድንኳንና ወንበር ይሸከማል። እኛ ቤት «ለመኪናው የኋላ ክዳን እናሠራለት» የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ሁላችንም መጀመሪያ የዕቃ ምርጫ መስሎን ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን ክርክሩ ሌላ ቦታ ደረሰ፤ ከተከደነ በኋላ ማን ይጫናል? ማንስ ይቀራል?

መኪናው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። አባዬ ከቡና ባገኙት ገንዘብ ገዙት፤ ጉልበታቸው ሲደክም ቁልፉን ለእኔና ለባለቤቴ ሰጡን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ያለውን መንከባከብ ይዟል። እኛም ሞተሩ ደህና ስለሆነ «ከምንቀይረው እናሳምረው» አልን።

የእኔ ሥራ የማርኬቲንግ ኦፊሰርነት ነው፤ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ። ገዢ የሚቀምሰውን ናሙና አዘጋጃለሁ፣ እልካለሁ፣ ስለ ጣዕሙ አወራለሁ። ስለዚህ ቡና በመንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ከብዙ ሰው በላይ ያሳስበኛል። የእኛ አካባቢ ቡና ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተደባልቆ ገደላ ገደሉ ላይ ነው የሚበቅለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይኼንኑ አኗኗር አይቶ ነው። ውበቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለመኪና ግን አይመችም። የአባዬ ቡና ከጓሮው እስከ መንገድ ዳር የሚመጣው በሰው ሸክምና በፈረስ ነው። ከዚያ መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ለቀማው በጥቅምት ሲጀመር ደግሞ ዝናቡ ገና አላባራም።

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ጭነት አለን፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ክዳን ይለያያል። ቀይ እሸት ቡና ውሃ ብዙም አይጎዳውም፤ ዞሮ ዞሮ በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ገብቶ የሚፈለፈል ነው። የሚጎዳው መታፈን ነው። በላስቲክ አፍነው ፀሐይ ላይ ካቆሙት ይሞቃል፣ ያለ ሰዓቱ መብላላት ይጀምራል፤ ጽዋ ላይ ሲቀርብ ኮምጣጣና የበሰበሰ ፍሬ ጣዕም ይዞ ይመጣል። የደረቀ ቡና ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስንት ቀን አልጋ ላይ ተገላብጦ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወርዷል፤ አንድ የዝናብ ውሽንፍር ከነካው ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው፣ ሻጋታም ይከተላል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ቡና ሽታ ይስባል። ናፍጣ፣ ቀለም፣ አዲስ ጎማ፣ የሸራ ሰም፣ ምንም ይሁን ምን አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ቀማሾች ወዲያው ነው የሚይዙት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን አዲስ አበባ ወረድን፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራን ለማያውቅ ሰው፣ የመኪና ዕቃ ሲባል መጀመሪያ የሚጠቆመው ሰፈር ነው። አንድ ቀን ሙሉ ስንዞር ዋልን። በአጭሩ ያየነውን ልንገራችሁ።

ተጠቅልሎ የሚገባው የአሉሚኒየም ክዳን ያምራል፤ ቁልፍ አለው፤ ሲከፈት ልክ እንደ ሱቅ መዝጊያ ተጠቅልሎ ጋቢናው ጀርባ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ግን ያ ሳጥን ራሱ ቦታ ይይዛል። የደብል ጋቢና ጭነት ቦታ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ አንድ ስንዝር መቀነስ ለከተማ ሰው ምንም አይደለም፣ ለጆንያ ግን ብዙ ነው። ደግሞም ጭቃና አቧራ በሐዲዱ ውስጥ ሲጠራቀም መንቀራፈፉ አይቀርም፤ የእኛን መንገድ ያየ ይህን አይጠራጠርም። ተጣጥፎ የሚከፈተው ጠንካራ ክዳን ቀለል ይላል፤ ሆኖም እሱም ሆነ ተጠቅላዩ ከስፖንዳው በላይ ከፍ ብሎ መጫን አያስችሉም። ጆንያ ደርበን የምንጭን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ሁለቱንም ተውናቸው።

ባለቤቴ የወደደው ካኖፒውን ነው። ነጭ የፋይበር ግላስ ካኖፒ፣ የጎን መስኮቶች፣ የኋላ መስታወት በቁልፍ የሚዘጋ። «ሻሸመኔ ምሳ ስንበላ ዓይናችን መኪናው ላይ አይሆንም፤ የልጆቹ ሻንጣም አይርስም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሻጩም ጎበዝ ነበር፤ «እህቴ፣ ይኼ የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። እኔም በማርኬቲንግ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ስሰማ የማን ዕድሜ እንደሆነ መጠየቅ እወዳለሁ። ዋጋው የሸራውን ስድስት እጥፍ ነበር። ክብደቱን ስጠይቅ ከ50 ኪሎ እንደሚበልጥ ነገረኝ፤ አንድ ጆንያ ቡና ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ጭኖ እንደ መዞር ነው።

ከዋጋውም ከክብደቱም በላይ ያስፈራኝ ግን ባለቤቴ ቀጥሎ የተናገረው ነው። «ለሠርግና ለበዓል ስንሄድ የእህትሽ ልጆች ከኋላ ፍራሽ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝናብም ፀሐይም አይነካቸውም።»

ይህን ነገር ብዙ ቤተሰብ ስለሚያደርገው ትንሽ ልቆይበት። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ዝም ብሎ ወደ ኋላ አይነፍስም፤ ይሽከረከርና ወደ መኪናው ጀርባ ይመለሳል። የጭስ ማውጫው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ካኖፒ የተገጠመለት ፒክአፕ የኋላ መስታወቱ ከተከፈተ፣ ወይም ማሸጊያ ጎማው ካረጀ፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የተመረዘ ልጅ አይጮኽም፤ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጋቢና ያለ ወላጅ «ጎበዝ፣ ተኝተውልኛል» ይላል። በዚያ ላይ ቀበቶ የለም፣ ወንበር የለም፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ፍራሽ ማንንም አይዝም። ትራፊክ ፖሊስም ቢያይ ማስቆሙ አይቀርም። ለባለቤቴ ይህን መርካቶ መሐል ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ሻጩም አብሮ ሰማ፤ ዝም አለ። ባለቤቴ ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ካኖፒው ለሻንጣ ብቻ ከሆነ ስድስት እጥፍ አይከፈልበትም» አለ። ሒሳብ የሚወድ ሰው ማግባት ጥሩ ነው።

ቤት ስንመለስ ግን ያልጠበቅነው ተቃዋሚ ጠበቀን። እማዬ ማንኛውም ዓይነት ክዳን እንዳይገጠም ነው የፈለገችው።

«ከከደናችሁት በኋላ ሰው ሲመጣ ምን ልትሉ ነው?» አለች።

«እማ፣ ሰው ከኋላ መጫን አደጋ ነው» አልኳት።

«አደጋ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ሌሊት ስትታመም በምን ሄደች? አስከሬን ከዲላ ሆስፒታል ሲመጣስ በምን ይመጣል? አንቺ ስለ ጭሱ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ስለ ሰው እነግርሻለሁ።»

መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ሁለታችንም የምንለው እውነት ነው። ከተማ ውስጥ ታክሲ ይጠራል፣ ከተቻለም አምቡላንስ። እኛ ዘንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደል ላይ ካለ ቤት የሚጠራው የአባዬ መኪና ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ማለት የማይችልበት ጊዜ አለ፤ ቃሬዛ የሚገባው ከኋላ ብቻ ነው። የሬሳ ሳጥንም እንደዚሁ። ሰው ቋሚ ክዳን ያስገጠመ ዕለት «ቦታ የለም» ለማለት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። እማዬ የፈራችው ይህንን ነው። ልጆቿ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ክዳን ያለው መኪና ሲታይ ሰው ራሱ መጠየቅ ስለሚያፍር ነው።

ክርክሩን የፈቱት አባዬ ናቸው። ለዓመታት ሸራ ሲያስሩ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሲያዳምጡን ቆዩና «የሚወልቅ አሠሩ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ዲላ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ሄድን። በያጅ ከቀጭን ቱቦላሬ አራት ቅስቶች ሠራልን፤ ስፖንዳው ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰሩ እንጂ የተበየዱ አይደሉም። (ቋሚ ብየዳ የምታስቡ ካላችሁ ከመበየዱ በፊት ለቦሎ ምርመራ ችግር ይፈጥር እንደሆነ ጠይቁ።) ሸራው የጥጥ ነው፤ ወፍራም፣ ውሃ እንዳያስገባ የተነከረ፣ ግን ከላስቲክ በተሻለ አየር የሚያስተነፍስ። ጎንና ጎኑ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ቀይ እሸት ስንጭን እንጠቀልለዋለን፣ ደረቅ ቡና ሲሆን እናወርደዋለን። ጫፉ ከስፖንዳው በታች አንድ ስንዝር ይወርዳል፤ ያ ስንዝር ከሌለ ውሃው ጠርዙን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ስፌቱ ድርብ ነው፤ የገመድ ማለፊያ ቀዳዳዎቹ በብረት ቀለበት የተያዙ ናቸው። ከጋቢናው በኩል ያለውን ጫፍ አጥብቆ እንዲይዝ ለሰፊው ሁለቴ ነገርኩት፤ ነፋስ ከፊት ከገባ ሸራው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይቀደዳል።

አዲሱ ሸራ የሰም ሽታ ነበረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥር ላይ ተሰጥቶ ሲናፈስ ከረመ፤ እስከዚያ አንድም ጆንያ ከሥሩ እንዲያድር አልፈቀድኩም። አሁንም ቢሆን ለገዢ የሚላከው ናሙና የሚጓዘው ጋቢና ውስጥ፣ እግሬ አጠገብ ነው። ቁልፍ ለሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ባለቤቴ የብረት ሳጥን አሠርቶ ወለሉ ላይ አስሮታል፤ የካኖፒ ሐዘኑን በሱ ተወጣ።

አባዬ የፈተኑበትን ዘዴ ግን የትም አላየሁትም። ደረቅ አመድ አስመጥተው ወለሉ ላይ በሙሉ ነሰነሱ፣ ሸራውን አሰሩ፣ ከዚያ የሰፈር ልጆች ሦስት ጀሪካን ውሃ እንዲያፈሱበት አዘዙ። ሲገለጥ አመዱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ታየ፤ አንዱ በስተግራ ቅስቱ ሥር፣ አንዱ ከኋላ ማዕዘኑ ላይ። ሰፊው ሁለቱንም ደግሞ ሰፋ።

ለማውለቅ ሁለት ሰው ካለ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እማዬ ቆማ ሰዓት ይዛ አረጋግጣለች፤ ቅስቶቹ የት እንደሚቀመጡም እሷ ናት የወሰነችው፣ ሌሊት ማንም ሳይፈልግ እንዲያገኛቸው በሩ ጀርባ።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። መኪናው አስከሬን ሊያመጣ ስለሚሄድ ሸራው ወለቀ። ዝናብ ነበርና የዕድሩ ድንኳን ለሰው ሁሉ አልበቃም፤ ወጣቶቹ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሸራ አንስተው በሁለት እንጨት መሐል ወጠሩት። ሦስት ቀን እዚያው ዋለ፣ አደረ። ያን ጊዜ የደረቀ ቡናችን ቤት ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር፤ ማንም ሄዶ ሸራውን አልጠየቀም። በአራተኛው ቀን ታጥፎ ሲመለስ የአንዱ ጥግ ገመድ ጠፍቷል። አባዬ በሲባጎ ተክተውታል።