ነጻ እና በነጻ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ቃል አለው፤ ልዩነቱን የምታመጣው አንዲት ፊደል ናት። «በነጻ» ማለት ሳይከፈልበት የተገኘ ነው። «ነጻ» ማለት ደግሞ ሌላ ጌታ የሌለበት። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) ነጻ ሶፍትዌር እንሥራ ብሎ ከተነሳ ወዲህ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ነጻነት መሆኑን ሲያስረዱ ነው የኖሩት። እኛ «በ»ን መጣል ብቻ ይበቃናል።

ቃሉ ቢኖረንም ያደግነው ግን ከነ«በ»ዋ ነው። ዊንዶውሱ ክራክ፣ ኦፊሱ ክራክ፣ ማትላቡ ክራክ። ምህንድስና ስማር ለሶፍትዌር ከኪሱ የከፈለ ተማሪ አላየሁም። ሁሉም ነገር በፍላሽ ይመጣል፣ በፍላሽ ይሄዳል፤ ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ክራኩ ራሱ እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል። እኛም እሺ ብለን እናጠፋለን። በር ከፍተን ተኝተን ሌባ ገባ ብለን እንደምንጮህ ማለት ነው።

ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ይዛ የመጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። ላፕቶፑን አክስታችን ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችላት ነው፤ ያገለገለ ግን ጠንካራ፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው። ሰፈር ያለ ሱቅ ፎርማት አድርጎ ክራክ ዊንዶውስ ጭኖበታል። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ነው፤ ፎቶዎቹን ራሷ እየዞረች ነው ያነሳችው። አንድ ቀን ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከትነት ተቀይረው ጠበቋት። ፎቶዎቹ ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም፤ አወጣናቸው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማመን አቃታት። ዲፌንስ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ሊኑክስ ጫንልኝ፣ በቃ» አለችኝ።

ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጅተን አስነሳነው። አርማው ታየ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ግን ጥቁር።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ካርዶች ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት አስቡ፤ ሳሎንና ጓዳ ያለው። ትንሿ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብራ የተሠራች ናት፤ ብዙ ኤሌክትሪክ አትበላም፣ የምትኖረውም ሳሎን ነው። የላፕቶፑ ስክሪን የተገናኘው ከእሷ ጋር ነው። ትልቁ ካርድ ጓዳ ነው ያለው። ጉልበተኛ ነው፣ በላተኛም ነው፤ ጌም የሚጫወተው፣ የእህቴን ዓይነት ሞዴል የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ግን ከጓዳ ወደ ስክሪኑ በቀጥታ የሚያወጣ በር የለውም። የሠራውን ምስል ለትንሿ ያቀብላል፣ እሷ ታቀርባለች። በ2010 ገደማ ብዙ ላፕቶፖች በዚህ መንገድ መሠራት ጀመሩ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሥራ ሲኖር ጓዳውን ክፈት፣ ሥራ ሲጠፋ ዝጋው፣ ባትሪህ ይቆይልህ።

ታዲያ ጓዳውን ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል? ድራይቨሩ። የካርዱ አምራች የሚያወጣው ድራይቨር ደግሞ ለረጅም ዓመታት ውስጡ የማይታይ፣ ዝግ ነበር። በፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የተጀመረው «ኑቮ» የሚባል ክፍት ድራይቨር አለ። ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ዝጉ ድራይቨር ለካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ እየተከታተሉ፣ ይቺ ቁጥር ስትሄድ ምን ሆነ እያሉ ነው የጻፉት። በተዘጋ በር ጆሮ ለግቶ የወጥ አሠራር እንደመማር ነው። ብዙ ካርድ ላይ መሥራቱ ነው የሚገርመው። የእህቴ ካርድ ላይ ግምቱ አልሰመረም፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ችግር አልነበረም። በ2011 «ባምብልቢ» የሚባል ፕሮጀክት ጓዳውን በሊኑክስ ለማስከፈት ተነሳ። የመጫኛ ጽሑፉ ውስጥ በአንድ የማጥፊያ ትእዛዝ መሃል አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ገብታ፣ የተጠቃሚዎችን ዋና የሲስተም ፎልደር ጠርጋ አጠፋች። አንዲት ባዶ ቦታ! ግን ኮዱ ክፍት ስለነበር ስህተቱ ታየ፣ ታረመ፣ ዓለም ሁሉ ሳቀበት፣ ሥራው ቀጠለ። በጁን 2012 ደግሞ ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ሊኑክስን በ1991 ገና ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ጥያቄ ሲቀበል፣ አንዲት ሴት ተነስታ ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፗ ሊኑክስ ላይ እንዳስቸገራት ነገረችው። መልሱ ለካርዱ አምራች ወደ ካሜራው ያሳየው የመሃል ጣት ነበር። እህቴ ቪዲዮውን አይታ «እኔም ልጠይቀው የነበረው ይሄንኑ ነው» አለች።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን እንመለስ፤ እናንተም ቢገጥማችሁ ይጠቅማችኋል። ፍላሹ ሲነሳ በሚመጣው ሜኑ ላይ የ«ኢ» ፊደልን ትጫናላችሁ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ታገኙና መጨረሻው ላይ «ኖሞድሴት» የምትለዋን ቃል ጨምራችሁ ኤፍ 10ን ትጫናላችሁ። ትርጉሟ ግራፊክስ ድራይቨሮች ስክሪኑን አሁን አትንኩ፣ በመሠረታዊው ማሳያ እንነሳ ማለት ነው። ተነሳ። ከጫንን በኋላ ኡቡንቱ ራሱ ለካርዱ የሚሆነውን ዝግ ድራይቨር መርጦ አወረደልን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ሲስተሙ የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ደንግጦ «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል። አትለፉት፤ ቁልፉን የምታስመዘግቡት እዚያ ነው። ካለፋችሁት ድራይቨሩ ሳይነሳ ይቀራል።

ሠራ። ግን ባትሪው ሁለት ሰዓት አልሞላም። መብራት በየቀኑ የሚሄድበት ሰፈር ላለች ተማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የካርዱ ዕድሜ ነው ነገሩ፤ አዳዲሶቹ ሥራ ሲያጡ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ የእሷ ግን ጓዳው ባዶ ሆኖም መብራቱን አብርቶ ያድራል። ስለዚህ በአንዲት ትእዛዝ ጓዳውን ጨርሰን ዘጋነው፤ ትንሿ ግራፊክስ ብቻዋን ትሥራ። ባትሪው በእጥፍ ቆየ። ሞዴሉን የምታሠለጥነው መብራት ሲኖር፣ ሪፖርቱን የምትጽፈው መብራት ሲሄድ ሆነ።

ዲፌንሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው «እስቲ ቴሌቪዥኑ ላይ እንሞክረው» አለች። ኤችዲኤምአዩን ሰካን። ምንም የለም። ገመዱን ቀየርን፣ ምንም። እማዬ «ልጄ፣ ነገ ምን ልትሆኚ ነው?» ብላ ቡናውን አቁማ ቆመች። እኔና እህቴ ግን ፍለጋ ገባን፤ ሲስተሙ ራሱ የትኛው መሰኪያ ከየትኛው ካርድ ጋር እንደተያያዘ ዘርዝሮ ያሳያል። ኤችዲኤምአዩ የተያያዘው ከትልቁ ካርድ ጋር ነበር። የጓሮው በር ያለው በጓዳ በኩል ነው ማለት ነው፤ ጓዳውን የዘጋ የጓሮውንም በር ዘግቷል። ትእዛዙን ቀይረን ሪስታርት አደረግን፤ የቡና ቅጠሉ ሳሎናችን ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በማግስቱ ቻርጀሯን ይዛ፣ ጓዳውን ከፍታ ሄደች። ፕሮጀክተሩ ላይም ወጣላት።

ክራክ ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠይቅም የሚጠይቀው የለውም። እዚህ ግን ሦስት ጊዜ ተቸግረን ሦስቱንም ጊዜ ምክንያቱን አገኘን። «በ»ዋ ስትወድቅ ያተረፍነው ይሄንን ነው። ዋጋው ደግሞ ሦስት ሌሊት እንቅልፍና አንድ የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው፤ በነጻ አልነበረም።

ሙሉ ነጻነት ነው ብዬ ግን አልዋሽም። በሜይ 2022 የካርዱ አምራች የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ኮድ ከፈተ። ሆኖም የሚያገለግለው በ2018 ከወጣው «ቱሪንግ» ከሚባለው ትውልድ ወዲህ ላሉ ካርዶች ነው፤ የቀረው ክፍል ዛሬም ዝግ ነው። የእህቴ ካርድ ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

አክስታችን ባለፈው ደውላ «ያ ላፕቶፕ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ነው አክስቴ፣ ይሠራል» አለች እህቴ። «ጓዳው ብቻ ነው የኛ ያልሆነው።»

«ምነው፣ ለሰው አከራያችሁት እንዴ?» አለች አክስቴ።