በመዝገብ ላይ አንድ ቃል

ዶሎ ኦዶ፣ ጥር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ፤

ከነገሌ በአይሱዙ ተሳፍሬ፣ ፊልቱን አልፌ፣ በስደተኞች መጠለያዎች መካከል ሁለት ቀን በአቧራ ስጓዝ ቆይቼ፣ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ ከሚባሉበት ከዚህ ሥፍራ ከደረስሁ ዐሥር ቀን ሆነኝ። ጥምቀትን ከደጋ ከመጡ ጥቂት ምእመናን ጋር አሳለፍሁ፤ እርስዎንና የቤቱን ሁሉ እያሰብሁ ነበር።

የመጣሁበት ሥራ እንደሚያውቁት መምህራንን ማሠልጠን ነው። በመጀመሪያው ቀን ስም ስመዘግብ፣ በቅጹ ላይ «ብሔረሰብ» የሚል ጠባብ ዓምድ ነበረና፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሠልጣኞቹ ሁሉ «ሶማሌ» ብለው ሞሉት፤ እኔም መዝገቡን አጥፌ የከተማይቱን ሕዝብ ያወቅሁ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ከጥላ ሥር ተቀምጠን ሻሂ ስንጠጣ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ መምህር መዝገቤን ተቀብለው እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየነኩ፣ «ይህ ደጎዲያ ነው፤ ይህ መረሓን ነው፤ ይህ ገሪ ነው፣ እናቱ ቤት ሲገባ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ራሐንዌይን ነው፣ እርሱ በአያቱ ልሳን ቢያወራኝ እኩሌታውን አልሰማውም» እያሉ፣ እኔ በአንድ ቃል የዘጋሁትን ዓምድ አንድ በአንድ ከፈቱልኝ።

ይህ የልሳን ነገር በጣም አስደነቀኝ። በደጋ ሆነን ሶማሊኛ አንድ ነው ስንል፣ እዚህ ግን ከብት አርቢው የሚናገረው ማሐ እና ከወደ ሶማሊያ፣ ከባይና ከባኮል የመጣው ገበሬ የሚናገረው ማይ ተለይተው ይኖራሉ፤ በገበያ መካከል ሁለቱን የሚያስታርቀው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝም የመጀመሪያው ጥያቄ «ያድ ተሃይ?» ማለትም «ማን ነህ?» ነው፤ መልሱ ግን የተጠያቂው ስም አይደለም፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ነገዱ አባት የሚወጣ ሐረገ ትውልድ ነው። ማቴዎስ ወንጌሉን በትውልድ ቆጠራ ለምን እንደ ጀመረ፣ ልጅ ሳለሁ በንባብ ብቻ ያለፍሁትን፣ እዚህ በገበያ መካከል አስተዋልሁት።

የነገድ ነገር በወሰን ውልም ውስጥ ገብቷል፤ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የወሰን ውል የሚነሣው ከዚሁ ከዶሎ፣ ከሁለቱ አፍላግ መገናኛ ነው። ከዚህ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሲዘልቅ ግን ምድሩን መጥቀስ ብቻ አልበቃውምና፣ የራሐንዌይን ነገድ ለኢጣልያ ይቅር፣ ከእርሱ በስተሰሜን ያሉት ነገዶች ለኢትዮጵያ ይሁኑ ብሎ ድንበሩን በሰው ላይ አቆመው። ውሃና ሣር እየተከተለ የሚኖር ሕዝብ እንደ ወሰን ድንጋይ ካለበት ሳይነቃነቅ ይቆያል ብሎ ማሰብ ምን ያህል ከባድ ስሕተት እንደ ነበረ ለማየት፣ ወደ ዳዋ ዳር መውረድ ይበቃል፤ ማዶ ያለችው ከተማም ስሟ ዶሎ ነው፣ የሶማሊያ ናት፣ ጧት የተሻገረ ሰው ማታ በወዲህኛይቱ ዶሎ ይበላል። በ2003 ዓ.ም. ድርቁና ጦርነቱ በተባበሩ ጊዜም፣ ያ ውል ወዲያ ማዶ ያስቀራቸው የራሐንዌይን ልጆች ሕፃናታቸውን በጀርባቸው አዝለው በእግራቸው መጡ፤ ከመጠለያዎቹም ቆቤ በሰኔ፣ ሂላዌይን በነሐሴ፣ ቡራሚኖ በኅዳር 2004 ተከፈቱ፤ ቀድመው ከነበሩት ከቦቆልማንዮና ከመልካዲዳ ጋር ዛሬ አምስቱ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ነፍስ ይዘዋል። ከተማይቱ ከእነርሱ ጋር ብትነጻጸር ትንሽ መንደር ናት።

አሁን የምጽፍልዎን ግን ሳልጽፍ ብተወው ኅሊናዬ አይለቀኝም። በወንዙ ዳር ሽንኩርት፣ በቆሎና ሙዝ የሚያለሙ፣ መልካቸው ጠቆር ያለ፣ ጠጉራቸው የከረደደ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም ጋበዌይን የሚባሉት ከዚህ በታች በሶማሊያዋ ሉቅ በኩል የቆዩ የወንዝ ዳር ገበሬዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን በነገዳቸው ስም አይጠራቸውም፤ «ጀሬር» ይላቸዋል፣ ጠጉረ ከርዳዳ ማለት ነው፣ ሌላውንም «ጂሌዕ» ይለዋል፣ ጠጉረ ለስላሳ። የጁባ ወንዝ ገበሬዎች አንዳንዶቹ አባቶቻቸው ከመቶ ዓመት በፊት ከምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ በባርነት የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን አርብቶ አደሩ ሳይደርስ ወንዙን ይዘው የኖሩ ናቸው። የአንዱ ሠልጣኛችን አባት ከእርሻው ሙዝ ቆርጦ ሲሰጠኝ፣ ስለ ትውልዱ ጠየቅሁትና ስምንት አባቶቹን ሳያደናቅፍ ቆጠረልኝ። ያን ሁሉ ስም የያዘ ሰው በጠጉሩ መጠራቱ አሳዘነኝ፤ በደጋም እኛ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በምን ስም እንጠራ እንደ ነበር አስታወሰኝና አንገቴን ደፋሁ።

የደጋ ሰው ግን እዚህ ሐረግ የለውም። ጉራጌው ባለ ሱቅ፣ ወላይታው መምህር፣ ትግሬው ወታደር፣ እኔም አማራው፣ ሁላችን «ሀበሻ» ነን። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኔም በዚያው ጠባብ ዓምድ ያደረግሁት ይህንኑ መሆኑን ባሰብሁ ጊዜ ግን ቅሬታዬ ወደ ራሴ ተመለሰ።

በመልካዲዳ ሳልፍ አያታችንን አሰብሁ። ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር ወደ ዶሎ ወርዶ፣ በታኅሣሥ 1928 የኢጣልያ አውሮፕላኖች የስዊድንን የቀይ መስቀል ሐኪሞችና ቁስለኞቻቸውን በቦምብ ሲመቱ ያየው በዚያ ሥፍራ ነበር፤ በጥምቀት ሰሞን ጦሩ ተፈትቶ ነገሌ ስትያዝ፣ ውሃ ያጠጣውና መንገድ ያሳየው አንድ የዚህ አገር እረኛ መሆኑን ሲነግረን ትዝ ይልዎታል። የእረኛውን ነገድ ነግሮን ነበርን? እኔ የማስታውሰው «አንድ ሱማሌ» ማለቱን ብቻ ነው።

ትናንት ማታ ያረፍሁበት ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ያድ ተሃይ?» አለኝ። አባታችንን፣ አያታችንን፣ የአያታችንን አባት፣ ከዚያም የእርሱን አባት ጠራሁለትና አራተኛው ላይ ቆምሁ። ልጁ ገና የምቀጥል መስሎት ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እኛ ጋብቻ ለማጥራት እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እርስዎም ከአክስታችን ሰርግ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ሲቆጥሩ ሰምቼ ነበር፣ እኔ ግን አልያዝሁትም። እስከ የካቲት መጀመሪያ እዚህ ነኝና፣ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉትን ስሞች ጽፈው በነገሌ በኩል ይላኩልኝ፤ ለልጁ እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ